መረጃን ከማሽን ዕድሜ ማሻገር፦ ሊኑክስ በግዙፍ ኮምፒዩተሮች

ቀደም ሲል በመንግሥት ይዞታ ሥር በነበሩት የቴፒና የበበቃ ቡና እርሻዎች ለዓመታት ያገለገለ ሠራተኛ የጡረታ መብቱ የሚረጋገጥለት በተመዘገበ መረጃ ነው። የአንድ ሠራተኛ አገልግሎት ሰላሳ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል፤ የኮምፒዩተር ዕድሜ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም ማሽን ሲለወጥ መረጃው አብሮ እንዳይጠፋ ማድረግ በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት መሠረታዊ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ የሊኑክስ ተሞክሮ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ይህ የኮምፒዩተር ሥርዓት በመጀመሪያ የተዘጋጀው ኢንቴል 386 ለተሰኘው የግል ኮምፒዩተር ነበር። የምንጭ ኮዱ ክፍት በመሆኑ ግን በጎ ፈቃደኞች፣ በተናጠልም በጀርመን ቦብሊንገን የሚገኙ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች ሥርዓቱን ባንኮችና መንግሥታት ለሚገለገሉባቸው ሜይንፍሬም ኮምፒዩተሮች ለማዘጋጀት ጥረት አድርገዋል። ኩባንያው ኤስ/390 ለተሰኘው ማሽን ያዘጋጀውን ኮድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 ለሕዝብ ለቋል።

አብዛኛው የሊኑክስ ክፍል በሲ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ለአዲሱ ማሽን የሚተረጉም ኮምፓይለር ሲገኝ ብዙም ሳይለወጥ ይሠራል። የማስታወሻ አያያዝንና የመረጃ ማስገቢያና ማስወጫን የሚመለከተው ክፍል ግን እንደገና መጻፍ ነበረበት። ሌላው ችግር የቁጥር አቀማመጥ ነው። ኢንቴል አነስተኛውን ባይት ሲያስቀድም ሜይንፍሬሙ ትልቁን ያስቀድማል። በአንደኛው ማሽን በአራት ባይት የተጻፈ 1 ቁጥር ሳይስተካከል በሌላው ቢነበብ 16,777,216 ይሆናል። እንዲህ ያለው ስህተት በደመወዝ መዝገብ ላይ ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ የተካተተው በዚያው በ1999 ሲሆን፣ "ሀ" በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 አጻጻፍ በማናቸውም ማሽን ላይ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የተቀመጡ ሦስት ባይቶች ናት። በአንድ ፎንት ላይ ብቻ በተመሠረተ አሠራር የተጻፈ ሰነድ ግን ፎንቱ ሲጠፋ ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ስለሆነም መሥሪያ ቤቶች ግዥ ሲፈጽሙ መረጃው በክፍት ደረጃ እንዲቀመጥ፣ አሠራሩም በሰነድ እንዲገለጽ በውል ማስገባት ይኖርባቸዋል። ርክክብ ከመፈጸሙ በፊትም መዝገቡ በሌላ ዓይነት ማሽን ላይ በትክክል መነበቡን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።