ያውቁ ኖሯል? ክብደት ሲቀንስ ጉልበት የት ይሄዳል?

ስብ ከሰውነትዎ በየት በኩል እንደሚወጣ ያውቁ ኖሯል? በላብ እንዳይሉ! 10 ኪሎ ስብ ቢቀንሱ 8.4 ኪሎው የሚወጣው በትንፋሽዎ ነው! የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ሆኖ ይሄዳል።

ትንፋሽ ካነሳንማ፣ የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገባው በሩብ ያህል ያንሳል! ከቆላ የመጣ እንግዳዎ ዳገቱ ላይ ቢያለከልክ አይፍረዱበት።

ክብደት መቀነስ ሲጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚዛኑ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው! ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው አንድ ግራም ስኳር 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይኖራል። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃው ይከተለዋል፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ራስ የሚከብደው፣ ጉልበት የሚከዳው ያን ጊዜ ነው!

በጤፍ ውስጥ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ የአውድማው አፈር መሆኑንስ ሰምተዋል? በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ አፈሩ ከደቃቋ ፍሬ ጋር ይቀላቀላል! ደም ሲያንስ ሰው ይዝላልና ብረት ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ፣ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። የሚያስለቅቀው ማን መሰለዎት? እርሾ! ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል። እናቶቻችን ሊጡን ቀናት ማቆየታቸው እንዲህ ያለ ጥቅምም አለው!

ቃሪያ በክብደት ሲመዘን ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው! ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ከእንጀራዎ ጎን አይጥፋ!

ቡና ግን ተቃራኒው ነው! እህል እንደቀመሱ ከጠጡት ብረቱን ያግደዋል። አቦሉ ከምግቡ ራቅ ቢል ምን አለበት?

ወደ ክብደት ስንመለስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው! ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመው ሳይከሱ የሚወጡት በጾም ወጡ ዘይት ይሆናል።

ክብደት ሲቀንሱ የሚበሉት እኩል ሆኖ እንቅልፍ ቢያጡስ? ከስብዎ ይልቅ ጡንቻዎ ይቀልጣል!

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በግማሽ ሆድ ኖሩ። ደረጃ መውጣት ከበዳቸው! በበጋ በረዳቸው! አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ! እባክዎ ራስዎን አያስርቡ፤ ቀስ ብለው ይቀንሱ።

ብዙ ሳይበሉ መወፈርም አለ! ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሲሰንፍ ሰው ይደክማል፣ ይበርደዋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ዕጢው የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ የደጋን አፈር ደግሞ ዝናብ አጥቦ አዮዲኑን ይወስደዋል። በሀገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ግዴታ ሆኗል። አዮዲኑ በእሳት ስለሚተን ጨውን ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ!

ድካሙ ሳምንታት ከዘለቀ ግን ስንፍና ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ሐኪም ዘንድ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ!