ከመቶ ሰው ስንቱ ሥራ አጥ ነው?

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍላችን አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ ሥራ ካጣ 3 ዓመቱ ነው። ሥራ አጥ ሲቆጠር እሱም ይቆጠራል ወይ?» አሉ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። እስቲ አብረን እናንብብ።

ሥራ አጥ ማን ነው? ተማሪውና አቅም ያነሳቸው ሽማግሌ ሥራ አጥ አይባሉም። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ግን ለመሥራት የተዘጋጀ ሰው ነው።

አሁን በአገራችን ከተሞች የሚሠሩና ለመሥራት የተዘጋጁ 100 ሰዎች ሜዳ ላይ ተሰለፉ እንበል። በ1991 ዓ.ም. ከመቶው 26ቱ ሥራ አልነበራቸውም። በ1997 ዓ.ም. ወደ 21 ወረዱ። በ2004 ዓ.ም. ከ18 አይበልጡም ነበር። ቤትና መንገድ ሲሠራ ብዙ እጅ ይፈለጋል። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥሩ እንደ በፊቱ አልወረደም። በ2010 ዓ.ም. 19 ነበር፤ በ2013 ዓ.ም.ም ያው 19 ገደማ። የሴቶቹ ችግር ደግሞ ከወንዶቹ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ገጠሩም ተጨምሮ ሲቆጠር ግን ከመቶው 8 ብቻ ሆነ። ለምን አነሰ? በቤተሰቡ ማሳ የሚያግዝ ሁሉ ሠራተኛ ስለሚባል ነው። መሬቱ አንድ ጥማድ፣ ወንድማማቾቹ አራት ቢሆኑም አራቱም ሥራ አላቸው ይባላል።

ቁጥሩ ብቻውን የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። በሁለት ሰፈር አሥር አሥር ሥራ አጦች አሉ እንበል። በአንዱ ሰፈር አንዱ ሥራ ሲይዝ ሌላው ይተካል። በሌላው ሰፈር ግን ያው አሥሩ ሰዎች 3 ዓመት ተቀምጠዋል። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ችግሩ ግን እኩል አይደለም። 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ሥራ ያጣ ሰው የረጅም ጊዜ ሥራ አጥ ይባላል። ጥሪቱ ያልቃል። ሙያው ይረሳል። አሠሪው «እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?» ይለዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አባባ፣ ጥናቱ በየቤቱ ሁሉ አይደርስም፤ የተመረጡ ቤቶች ናቸው የሚጠየቁት። ልጅዎ ስሙ ባይመዘገብም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነው። ጠያቂ ከመጣ «ሥራ የለውም» ብቻ አይበሉ፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነም ይንገሩ።

አባትየው ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥለው፣ «ልጁ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ትቷል፤ አሁን እኔ አነብለታለሁ» አሉ።

ለውይይት፦ በሰፈራችሁ ከ1 ዓመት በላይ ሥራ ያጣ ማን አለ? ሙያውስ ምንድን ነው?