በዛፍ ቅርፊት ስለሚለፋ ቆዳና ከእርሱ ስለሚሠራ ቦት ጫማ

በአማርኛ ለፋ የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው፥ ቆዳ ታሽቶና ተረግጦ ለሰለሰ ማለት ነው፤ ሁለተኛው፥ ሰው በብርቱ ሥራ ደከመ ማለት ነው። ቃሉ ሁለቱን ነገር በአንድ ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥሬው ቆዳ ለጫማና ለኮርቻ እስኪበቃ ድረስ የሚጠይቀው ድካም ብዙ ነውና። ሆኖም ይህን ድካም የሚደክመው ሰው በወለጋም በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖረ። የተናቀ ሙያ ደግሞ ተተኪ አያገኝም፤ ተተኪ ያጣም ሙያ ከባለሙያው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ መምህራንና ሽማግሌዎች አውቀው ለልጆች ቢያስረዱ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ጫማ በወለጋ ስለ ምን ያስፈልጋል

የወለጋ ደጋ ከነቀምት እስከ ጊምቢና እስከ ነጆ ዝናቡ የበዛ፥ አፈሩም ቀይ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ብዙ ዓመት ባዶ እግሩን የሚሠራ ሰው ዝሆኔ በሚባለው፥ እግርን በሚያሳብጠው በሽታ ሊያዝ ይችላል። ይህ በሽታ በወባ ትንኝ ዓይነት ንክሻ ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት (እ. ኤ. አ.) በኢትዮጵያ ሲመረምር፥ የበሽታው ምክንያት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ ዘልቆ መግባቱ መሆኑን አስረዳ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን ዕለት ዕለት በሳሙና መታጠብ ነው። እንግዲህ የበሬው ቆዳ በደጅ እየበሰበሰ ባለቤቱ ባዶ እግሩን ቢሄድ፥ መድኃኒቱን ጥሎ በሽታውን እንደ መሸከም ይቈጠራል።

ቆዳው ስለ ምን ይለፋል

ጥሬ ቆዳ ሁለት ጠባይ አለው፤ እርጥብ ሲሆን ይበሰብሳል፥ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል። ቁርበትና የአልጋ ጠፍር፥ የሞፈርና የቀንበር ማሠሪያ ምራንም ከዚሁ ጥሬ ቆዳ ይሠራሉ፤ ለጫማ ግን አይበቃም፥ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ይላላልና። ቆዳ በብዙ ክሮች የተጠላለፈ ነው፤ የክሮቹም ፍሬ ነገር ኮላጅን ይባላል። ዛፎች ደግሞ በቅርፊታቸው፥ በቅጠላቸውና በፍሬያቸው ታኒን የሚባል መራራና አፍ የሚይዝ ነገር አላቸው። ያልበሰለ ሙዝ የቀመሰ ሰው አፉ የሚደርቅበት ይኸው ታኒን ከምራቁ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። እንዲሁም ታኒን ከቆዳው ክሮች ጋር ሲጣበቅ ክሮቹ አይበሰብሱም፥ ደርቀውም እርስ በርሳቸው አይጋገሩም። ማልፋት የሚባለውም ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ዕፀዋት በኢትዮጵያ ብዙ ናቸው። ኦሮሞዎች ላፍቶ የሚሉት የግራር ቅርፊት፥ ሂዲ የሚሉት የእምቧይ ፍሬ፥ የቀረጥ ቅጠል፥ ቆዳውንም የሚያቀላው የመቅመቆ ሥር ከጥንት ጀምሮ ባለሙያዎች የሚያውቋቸው ናቸው። በአውሮፓ የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖረ፤ ዛሬ ግን በዓለም ገበያ ብዙ የሚሸጠው ከአውስትራልያ የወጣው፥ በደቡብ አፍሪቃም በብዛት የተተከለው ጥቁር ግራር ነው። በደረቁ ቅርፊቱ ውስጥ ከመቶ 30 እስከ 40 እጅ ታኒን ይገኝበታል። ነገር ግን የቆመ ዛፍ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃልና፥ ቅርፊት መውሰድ የሚገባው ለማገዶ ወይም ለቤት ሥራ ከተቈረጠ እንጨት ነው።

የሥራው መጀመሪያ በበሬው ሕይወት ሳለ ነው

መልካም ቆዳ ከመልካም አያያዝ ይገኛል። በጋለ ብረት የተተኰሰ፥ በጅራፍ የቈሰለ፥ መዥገርና እከክ የበላው ከብት ቆዳው ከለፋ በኋላ ጠባሳውን ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ምልክት ማድረግ ቢያስፈልግ በጆሮ ወይም በታችኛው እግር ይሁን እንጂ በጎንና በጀርባ አይሁን። ሲገፈፍም ቢላዋ ሥጋውን ከቆዳው ለመለየት በብልሃት ይገባል፤ ጥቂት ቢያልፍ ቆዳው ይቀደዳል።

በድንገት የሞተና ከአፉ፥ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የወጣ ከብት ግን ከቶ አይገፈፍም። ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። የበሽታው ተሐዋስያን በቆዳና በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያሉ፤ የሚገፍፈውንና የሚያለፋውንም ሰው ይገድላሉ። እንዲህ ያለው በድን ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገርበታል፤ ከዚያም ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል።

የተገፈፈ ቆዳ ደሙ ታጥቦ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ 4 ሰዓት ሳያልፍ በሥጋው ወገን ጨው ይነሰነስበታል፤ የጨውም መጠን ከቆዳው ክብደት ሢሶ እስከ ግማሽ ነው። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ እንዳለችው እንደ ኡኬ ባለ ቆላ ሙቀቱ መበስበስን ስለሚያፋጥን መዘግየት አይገባም። ጨው ያጣ ሰው ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ እንደ ተለመደው በመሬት ላይ በካስማ ወጥሮ ለፀሐይ መስጠት ይጐዳዋል። ላዩ ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል፥ ይህም ጕዳት የሚታየው ቆዳው ሲዘፈዘፍ ነው። የተሻለው መንገድ ከእንጨት አራት ማዕዘን ሠርቶ፥ ቆዳውን ዙሪያውን በገመድ ወጥሮ፥ ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ማቆም ነው።

የማልፋቱ ተራ

በመጀመሪያ ቆዳው ጨውና እድፉ እንዲለቅ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ በኖራ ውኃ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በየቀኑም ይገለበጣል። ኖራው የጠጕሩን ሥር ያላላዋል፤ ዓይንና እጅን ስለሚያቃጥል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠጕሩ በእጅ ሲሳብ መልቀቅ በጀመረ ጊዜ ቆዳው በወፍራም ግንድ ላይ ተዘርግቶ በአንድ ወገን ጠጕሩ፥ በሌላው ወገን የቀረው ሥጋና ሞራ ይፋቃል። ፋቂ የሚለውም ስም ከዚህ የወጣ ነው። ከዚያም ኖራው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በብዙ ውኃና በስንዴ ፉርሽካ ውኃ ይታጠባል፤ ኖራ ከቀረበት ታኒን በደኅና አይገባውምና።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል። ቅርፊቱ ደርቆ ይወቀጣል፥ በውኃም ይዘፈዘፋል። ቆዳው አስቀድሞ የሚገባው በቀጭኑ ውኃ ነው፤ ጥቂት ቀን ሲቆይ ወደሚወፍረው ይዛወራል፥ እንዲህም እያለ እስከ ብርቱው ይደርሳል። በመጨረሻ በጕድጓድ ወይም በገንዳ ውስጥ አንድ ንጣፍ ቅርፊት፥ አንድ ንጣፍ ቆዳ እየተደረገ ይደረደርና ብርቱው ውኃ ይሞላበታል። ችኵል ሰው ከመጀመሪያው በብርቱው ውኃ ቢከተው የቆዳው ላይ ተኰማትሮ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ታኒኑ ወደ ውስጥ አያልፍም። ላዩ የለፋ፥ ልቡ ጥሬ የሆነ ቆዳ ይሆናል።

ለጫማ ፊት የሚሆነው ቆዳ በዚህ መንገድ ጥቂት ወራት ይፈልጋል፤ ለሶል የሚሆነው ወፍራም ቆዳ በአውሮፓ በጥንቱ ጕድጓድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆይ ነበር። መድረሱን ለማወቅ ከዳሩ ጥቂት ቈርጦ ማየት ይበቃል፤ በመካከሉ ነጣ ያለ መሥመር ቢታይ ገና ጥሬ ነው፥ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ከሆነ ደርሷል። በዚህ ሥራ ሁሉ የብረት ዕቃ አይገባም፤ ብረትና ታኒን ሲገናኙ ቆዳውን ያጠቍሩታል። ያለቀውም ውኃ ዓሣን ስለሚገድልና የመጠጥ ውኃን ስለሚያበላሽ በወንዝ አይደፋም።

የለፋው ቆዳ ታጥቦ ገና እርጥበት ሳለው ሞራ ወይም ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ እየደረቀ በእጅና በእንጨት ይታሻል። ዘይት ያልጠጣ ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ስለ ፈረስ ቆዳ

ወለጋ የፈረስ አገር ነው፤ በሆሮ ጉዱሩ የሚረባው የሆሮ ፈረስ ከኢትዮጵያ የፈረስ ዘሮች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ነገር ግን በአገሩ ፈረስ ለሥጋ ስለማይታረድ ቆዳው ወደ ገበያ አይወጣም፤ ለኮርቻውና ለልጓሙ የሚለፋለት የበሬ ቆዳ ነው። ፈረስ በሚታረድባቸው አገሮች ግን ቆዳው ለቦት ጫማ እጅግ የተከበረ ነው። የፈረስ ቂጥ ከላይኛው ቆዳ በታች ክሩ የጠበቀ፥ እንደ ቅርፊት የጸና ንጣፍ አለው። ከእርሱ የሚሠራው ቆዳ በስፓንያ ከተማ በኮርዶባ ስም ኮርዶቫን ይባላል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በ1905 (እ. ኤ. አ.) የተቋቋመው የሆርዊን ፋብሪካ ይህን ቆዳ በቅርፊት ጭማቂ አልፍቶ፥ በዘይት አጥግቦ ለመጨረስ 6 ወር ያህል ይፈጅበታል። የፈረሱም የበሬውም ሥርዐት በመሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ቅርፊት፥ ውኃ፥ ዘይትና ትዕግሥት ነው።

ስለ ጫማው እርጅና

በቅርፊት የለፋ ቆዳ አዲስ ሲሆን ነጣ ያለ ቡናማ ነው። ፀሐይ፥ ነፋስ፥ ዘይትና የእጅ መዳሰስ ዓመት በዓመት ቀለሙን ያጠልቁታል፤ ጫማውም የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛል። ላዩ በጥቁር ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ፥ ቀለሙ በተፋቀበት ስፍራ ታችኛው ቡናማ ይወጣል። ይህ እርጅና ጕድለት አይደለም፤ ጫማው በሚገባ ከተያዘ ሶሉ እየተለወጠ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

የሚገድለው እሳት ነው። እርጥብ ጥሬ ቆዳ በ60 ዲግሪ ገደማ፥ በቅርፊት የለፋው ደግሞ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይኰማተራል። በክረምት የራሰ ጫማ በምድጃ አጠገብ ቢቀመጥ ይጠብባል፥ ይሰነጠቃልም። የሚገባው ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ማስለቀቅ፥ በውስጡ ገለባ ሞልቶ በጥላ ማድረቅ፥ ሊደርቅ ሲል ጥቂት ሞራ መቀባት ነው።

ስለ ባለሙያው ክብር

ከ19ኛው መቶ ዓመት (እ. ኤ. አ.) መጨረሻ ጀምሮ ክሮም የሚባል ማዕድን ቆዳን በአንድና በሁለት ቀን ማልፋት ስለ ቻለ፥ የዓለም ፋብሪካዎች፥ የኢትዮጵያም ጭምር፥ አብዛኛውን ቆዳ በእርሱ ያለፋሉ። ክሮም ፈጣን ነው፤ ቆዳውም ሙቀትን ይችላል። ነገር ግን መሣሪያና የቈሻሻ ውኃ ማጥሪያ ይፈልጋል። የቅርፊቱ ሥራ ግን በገጠር ባለ ግራር፥ ኖራና ገንዳ ሊሠራ ይችላል፤ የጐደለው የሚያከብረው ሰው ነው።

በወለጋ ቆዳ የሚያለፋውና ብረት የሚቀጠቅጠው ቱምቱ ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋባ፥ በማዕድም እንዳይቀርብ ሲደረግ ኖሯል። ሕዝቡ ግን ያለ ኮርቻቸውና ያለ ማረሻቸው አልኖረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ዛሬም ፋቂ የሚለው ቃል በስድብ ቦታ ይነገራል።

ስድቡ የሚጀመረው ከልጆች መካከል ስለ ሆነ መድኃኒቱም ከትምህርት ቤት ሊጀመር ይገባል። መምህር በአንድ ብርጭቆ ወፍራም ሻይ ውስጥ የዛገ ሚስማር ጨምሮ ቢያሳድር፥ ሻይው ጠቍሮ ይገኛል፤ ተማሪዎችም ታኒንና ብረት የሚያደርጉትን በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያም በመንደሩ ቆዳ የሚያለፋ ሽማግሌ ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ ይጠራ፤ ለእንግዳ የሚሰጠው ወንበር ይሰጠው፤ የትኛው ቅርፊት በየትኛው ወር እንደሚበረታ፥ ቆዳው መድረሱን እጁ እንዴት እንደሚያውቅ ይጠየቅ። የአገር ሽማግሌዎችም በዚያ ቀን አብረው ቢቀመጡ፥ ልጆቹ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ። የሚናገረውም ሁሉ በደብተር ይጻፍ፤ እርሱ ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ሌላ ላይኖር ይችላልና።