አንጋፋው ሯጭ ይሰለፍ ወይስ ቦታውን ለተተኪው ይልቀቅ?

በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየመሩ ደጋግመው ወደ ኋላ ይመለከቱ ነበር። የሚጠብቁት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ነበር። በአትላንታና በሲድኒ በዚሁ ርቀት ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ ግን በ31 ዓመቱ፣ ከጉዳት ጋር እየታገለ፣ ሊደርስባቸው አልቻለም። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ።

በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር በሆነችው በደብረ ኤልያስ የመምህሩ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዕውቀቱ ይበስላል፤ ተማሪውም ከሩቅ አገር እየፈለገ ይመጣል። የሯጭ ነገርስ እንዲሁ ነውን? ወይስ ዘመኑ ሲያልፍ ቦታውን መልቀቅ ይገባዋል? ጥያቄውን በሳይንስ ዓይን እንመልከተው።

ሦስት ቦታ ብቻ

የስፖርት ክለብ ዕድሜው የገፋ ተጫዋቹን ይሸጣል፣ በሌላም ይለውጣል። ብሔራዊ ቡድን ግን ያለው ምርጫ ማሰለፍ ወይም አለማሰለፍ ብቻ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር በአንድ ፆታ ከሦስት አትሌቶች በላይ ማሰለፍ አይችልም። ስለሆነም ለአንጋፋው የተሰጠው ቦታ ከሌላ አትሌት የተወሰደ ቦታ ነው። ፈጣን ሯጮች በበዙባት አገራችን ይህ ውሳኔ ቀላል አይደለም።

ልብና ጡንቻ

የረዥም ርቀት ሯጭ ብቃት በሦስት ዐበይት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። የመጀመሪያው ሰውነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ነው። ሁለተኛው ሯጩ ከዚህ መጠን ምን ያህሉን ሳይደክም ለረዥም ጊዜ ሊጠቀም እንደሚችል ነው። ሦስተኛው በተወሰነ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ማለትም የአሯሯጥ ቁጠባ ነው።

ዕድሜ በይበልጥ የሚጎዳው የመጀመሪያውን ነው። በ1 ደቂቃ የልብ ምት ከፍተኛ ጣሪያ በግምት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ውጤቱን ከ208 በመቀነስ ይገኛል። በዚህ ስሌት የ20 ዓመት ወጣት ልብ እስከ 194 ጊዜ ሲመታ፣ የ40 ዓመት ጎልማሳ ልብ እስከ 180 ይመታል። በአንድ ምት 150 ሚሊ ሊትር ደም የሚረጭ የሠለጠነ ልብ ብንወስድ፣ የ14 ምቶች ልዩነት በደቂቃ 2.1 ሊትር ደም ማለት ነው። ደሙ ሲቀንስ ወደ ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ስፖርት በማያዘወትር ሰው ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይህ ብቃት በየ10 ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ጠንክሮ ልምምዱን በሚቀጥል አትሌት ግን ቅነሳው ዝግ ይላል።

ለድንገተኛ ፍጥነት የሚያገለግሉት ፈጣን የጡንቻ ጭረቶችም ከዕድሜ ጋር ይመነምናሉ፤ ሰውነት ከጉዳትና ከድካም የሚያገግምበት ጊዜም ይረዝማል። በአንጻሩ የአሯሯጥ ቁጠባ ለብዙ ዓመታት እምብዛም አይቀንስም።

ከመም ወደ አስፋልት

አንጋፋ ሯጮች ከመም ወደ ጎዳና የሚሸጋገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመጨረሻውን ዙር ፍጥነት የሚጠይቀው መም ሲከብዳቸው፣ ጽናትንና የጉልበት አመዳደብን የሚጠይቀው ማራቶን ይቀበላቸዋል። ኃይሌ በ2008 ቤጂንግ ላይ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ደራርቱ ቱሉ በ37 ዓመቷ የ2009ን የኒው ዮርክ ማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኑን በ2005 በ23 ዓመቱ ሲያስመዘግብ፣ 2፡01፡41 የሆነውን ምርጥ የማራቶን ሰዓቱን ያገኘው በ2019 በ37 ዓመቱ ነው።

ሆኖም ዕድሜ ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳየን የ1968ቱ የሜክሲኮ ማራቶን ነው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ሁለቱም የ36 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። አበበ በጉዳት ምክንያት አቋረጠ፤ ማሞ ግን ወርቁን አጠለቀ። ከአራት ዓመት በኋላም በ40 ዓመቱ በሙኒክ ነሐስ አገኘ።

ሁለት ምርጫዎች

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በግንቦት 2021 መጀመሪያ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተካሄደ። ቀነኒሳ አልተሳተፈም፤ ከቡድኑም ውጪ ሆነ። በማጣሪያው የተመረጡት ሦስቱ አትሌቶች በሳፖሮ ሙቀት ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀሩ። ለ2024ቱ ፓሪስ ደግሞ ቀነኒሳ ሚያዝያ ላይ በለንደን 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ በመውጣቱ በ41 ዓመቱ ተመረጠ፤ ከ111 ቀናት በኋላ ኮረብታማ በሆነው የፓሪስ ጎዳና 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረውና ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ የገባው ታምራት ቶላ በ2፡06፡26 አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ አሸነፈ። በዚያው ውድድር የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ኬንያዊ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ39 ዓመቱ አቋርጦ ወጣ።

ከዚህ ተነሥተን «አንጋፋ አይመረጥ» ብንል እንሳሳታለን። የሳይንስ ተማሪ ከአንድ ውድድር ሕግ አያወጣም። ታምራት ራሱ 33ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን የቀረው እንጂ ታዳጊ አልነበረም። ማሞንና ደራርቱን እያነሣን «አንጋፋ ሁልጊዜ ይሰለፍ» ብንልም እንዲሁ እንሳሳታለን፤ እኛ የምናስታውሰው ያሸነፉትን ነው፤ ደክመው የቀሩትን ብዙዎች ማን ይቆጥራቸዋል?

ታዲያ ምን ይበጃል?

በእኛ አስተያየት የመምረጫው መለኪያ የልደት ዘመንም ያለፈ ስምም መሆን የለበትም። ሊታይ የሚገባው አትሌቱ በቅርብ ወራት ያሳየው ብቃት፣ የውድድሩ መልክዓ ምድርና ሙቀት፣ እንዲሁም ከመጨረሻው ውድድር ወዲህ ያለው የማገገሚያ ጊዜ ነው። ዕድሜው ለገፋ አትሌት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። መለኪያውም አስቀድሞ ለሁሉም ቢገለጽ፣ የሚቀረው ወጣትም የሚቀረው አንጋፋም የቀረበትን ምክንያት ያውቀዋል።

ከመስመር የወጣ አንጋፋም ከንቱ አይሆንም። ኃይሌ ከ2016 እስከ 2018፣ ደራርቱም ከእርሱ ቀጥላ እስከ 2024 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መርተዋል፤ በ2024 መጨረሻ ኃላፊነቱን የተረከበው ደግሞ በአቴንስ ወደ ኋላ ይመለከት የነበረው ስለሺ ስህን ነው። እግር ቢደክምም ልምድ አይደክምም። በዚህ በኩል አንጋፋው ሯጭም እንደ ደብረ ኤልያሱ የቅኔ መምህር ነው፤ ጉልበቱ ሲያልፍ የሚያስተምረው ይቀረዋል።