ከሸንኮራ አገዳ ፌስታል

ፌስታል ከነዳጅ ዘይት እንደሚሠራ ሰምተው ይሆናል። ብራዚል ውስጥ ግን ከሸንኮራ አገዳም ይሠራል። ብራስኬም የተባለው ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በትሪዩንፎ ከተማ በዓመት 200,000 ቶን ኤቲሊን የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ። ኤቲሊን ፌስታል የሚሠራበት ጋዝ ነው።

እንዴት ይሠራል? የአገዳው ጭማቂ በእርሾ ይብላላል፤ ከዚያ በሙቀት ተንኖ ይጣራና ኢታኖል ይወጣዋል። ኢታኖል አረቄ ውስጥ ያለው ያው አልኮል ነው። እስከዚህ ያለውን አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ቀጥሎ ኢታኖሉ በእንፋሎት መልክ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና አሉሚና በሞላበት ቱቦ ያልፋል። አሉሚና የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውህድ ነው፤ ነጭ ጠጠር ይመስላል። ሥራው ካታሊስትነት ነው፤ ማለትም ለውጡን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም። ሻጭና ገዢ አገናኝቶ ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ በሉት፣ እንዲህ ያለ ደላላ ከተገኘ። ኢታኖሉ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፦ ኤቲሊንና ውሃ።

ሙቀቱ ካነሰ በኤቲሊን ፋንታ ኤተር ይበዛል፤ ኤተር በድሮ ጊዜ ሐኪሞች ለማደንዘዣ ይጠቀሙበት የነበረው ፈሳሽ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ጥላሸት የአሉሚናውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያኔ ትኩስ አየር ይለቀቅበትና ጥላሸቱ ተቃጥሎ ይጠረጋል። ለውጡ ራሱ ሙቀት ይበላል፤ ስለዚህ ቱቦው እንዳይቀዘቅዝ ያለማቋረጥ ማሞቅ ግድ ነው።

ወጪውስ? ከ100 ኪሎ ኢታኖል ቢበዛ 61 ኪሎ ኤቲሊን ይገኛል። የቀረው 39 ኪሎ ውሃ ሆኖ ይሄዳል። በውድ የገዙትን አልኮል ከሲሶ በላይ ውሃ አድርጎ መድፋት ነው። ነዳጅ ዘይት በረከሰ ጊዜ ፉክክሩ ከባድ ነው። ብራዚልን የረዳት አገዳዋ ርካሽ መሆኑና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልኮልን በመኪና ነዳጅነት መጠቀሟ ነው።

እኛስ? ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳሩ ሲወጣ ከሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ኢታኖል ያወጣል። ከቤንዚን ጋርም የተደባለቀበት ጊዜ አለ። ወደ ኤቲሊን መለወጡ ይቻላል፤ ግን የትሪዩንፎው ፋብሪካ ብቻ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ሊትር በላይ ኢታኖል ይፈልጋል። ለእኛ ለጊዜው አያዋጣም ባይ ነኝ።

የአገዳው ፌስታል ይበሰብሳል? አይበሰብስም። ከነዳጅ ከተሠራው የሚለየው ካርቦኑ አገዳው በቅርቡ ከአየር የሳበው በመሆኑ ነው። ቦይ ውስጥ ከጣሉት ግን ያው ቦዩን ይደፍናል።