ይህ ዩኒቨርሲቲ ለእኔ ይሆናል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ እዚህ ጋሞ ውስጥ ከሴቻ እስከ ጨንቻ በየቤቱ የሚጠየቀው «ስንት መጣ?» ነው። ቢጠየቅም አይገርምም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን ቤተሰብ ጨርሶ የማያነሳው ጥያቄ ይቀራል፤ ለልጁ የሚስማማው የት ነው?

አብዛኛው ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ሞልቶ የትምህርት ሚኒስቴርን ምደባ ይጠብቃል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ያጣራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል።

ለእነዚህ ስትዘጋጁ ድምሩን ለጊዜው ተዉትና የየትምህርቱን ውጤት ለይታችሁ እዩ። ድምራቸው እኩል የሆነ ሁለት ተማሪዎች ቢኖሩ፣ በሒሳብና በፊዚክስ የበረታው ቴክኖሎጂ ውስጥ ይዘልቃል፤ በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ድምሩን የሞላው ግን ገና ፍሬሽማን ላይ ሊቸገር ይችላል። ራስን መለኪያው ቀላል ነው። ያለፈ ዓመት ፈተና ይዛችሁ፣ ሰዓት ቆርጣችሁ፣ መልሱን ሳታዩ ብቻችሁን ሥሩ። ከዚያም ማንም ያላስተማራችሁን አንድ ምዕራፍ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ አንብባችሁ ጥያቄዎቹን ሞክሩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሌላው ጉዳይ ዲፓርትመንት ነው፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህን ነው። ዲፓርትመንት በውድድር ስለሚሰጥ፣ ጎበዝ በበዛበት ግቢ የምትፈልጉት ሊያመልጣችሁ ይችላል። የጋሞ ልጆች አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን «የቤታችን ነው» እያሉ ከዝርዝሩ ግርጌ ሲያወርዱት ያሳዝነኛል። ተቋሙ የተመሠረተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። መስኖ ወይም ሃይድሮሊክስ የምትፈልግ ልጅ ለስም ብላ ከዚህ የምትሸሽበት ምክንያት አይታየኝም።

ወጪውንም አስቡ። ኮስት ሼሪንግ ትምህርቱን፣ ምግቡንና ዶርሙን ይሸፍናል፤ ከምረቃ በኋላ ይከፈላል። ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአዲስ አበባ መንገድ ትራንስፖርት፣ ልብሱንና ፎቶ ኮፒውን ግን የሚችለው ቤተሰብ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ከፍ ብሎ ሽሮ ሜዳ ላይ የጋሞ ሸማኔዎች ከኖሩ ቆይተዋል፤ እዚያ አጎት ወይም አክስት ያለው ተማሪ በችግሩ ቀን የሚሄድበት አለው። ይህም ሲመረጥ መቆጠር አለበት።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት፣ ወደምታስቡት ዲፓርትመንት ቀድሞ የገባ የሰፈራችሁን ልጅ ፈልጉና ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ እንደፈለገው፣ በመጨረሻ የገባው ተማሪ በስንት ነጥብ እንደገባ ጠይቁት።