የጠፋው ሄደር የት ገባ?

ለተግባር ትምህርት የሠራናት ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም ሁለት ቀን ሙሉ አንከራተተችን። ሥራዋ የአንድ ክፍል 60 ተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና የመምህር አስተያየት በኔትወርክ ለጠየቃት መላክ ነው። ጠቅላላውን የተማሪ ቁጥር ደግሞ በሄደር፣ ማለትም በምላሹ ራስጌ ላይ ትጽፋለች። ተቀባዩ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ ማንም አለመቅረቱን ያረጋግጣል። ሄደሩ ከጠፋ ግን የአንድ ልጅ ውጤት መንገድ ላይ ቢቀር ማን ያውቃል?

በላቲን ፊደል በተጻፉ ስሞች ስንሞክራት ሄደሩ መጣ። ዝርዝሩን በአማርኛ ስናደርገው ድራሹ ጠፋ። የስሕተት መልእክት የለም፤ ዝርዝሩም ሙሉ ነው። ከመካከላችን «ጃቫ አማርኛ አይወድም፤ በላቲን ጽፈን እንገላገል» ያለም ነበር። መምህራችን ግን «መጀመሪያ የት እንደጠፋ ፈልጉ፤ ለምን የሚለው ኋላ ይደርሳል» አሉን። ፍለጋውም እንደሚከተለው ሆነ።

1ኛ/ ከሰርቨሩ ወጥቷል ወይ? እዚያው ሰርቨሩ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ከርል በተባለው መሣሪያ ምላሹን ከነሄደሩ አየነው። የለም። ስለዚህ ኔትወርኩም ብራውዘሩም ነጻ ወጡ፤ ጥፋቱ የኛው ነው።

2ኛ/ መቼ ተጻፈ? በኤችቲቲፒ ደንብ ሄደር ይቀድማል፣ ዋናው ጽሑፍ ይከተላል። ፕሮግራማችንን የሚያስተናግደው ቶምካት ጽሑፉን ወዲያው አይልክም። በቅድሚያ በማጠራቀሚያ፣ ማለትም በበፈር ይይዘዋል። የበፈሩ የተለመደ መጠን 8192 ባይት ነው። በፈሩ ሲሞላ ሄደሮቹ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ይላካሉ። ምላሹ «ኮሚትድ» ሆነ የሚባለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሴትሄደር ብንል ትእዛዙ ዝም ተብሎ ይታለፋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም! እኛ ደግሞ ተማሪዎቹን እየጻፍን ስንቆጥር ቆይተን ሄደሩን ያስገባነው በመጨረሻ ነበር።

ታዲያ አማርኛው ምን አደረገ? ፕሮግራማችን ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 ወደ ባይት ለውጦ ይጽፋል። በዚህ አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የላቲኑ ዝርዝር በፈሩን ስላልሞላው ዘግይቶ የመጣው ሄደር ደረሰ። የአማርኛው ሞልቶ ፈሰሰ። እንግዲህ ጥፋቱ የቅደም ተከተል እንጂ የፊደል አልነበረም። የተማሪው ቁጥር ቢበዛ በላቲኑም መጥፋቱ አይቀርም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ መቁጠር፣ ቀጥሎ ሄደሩን ማስገባት፣ ከዚያ ዝርዝሩን መጻፍ። በፈሩን ማስፋት ችግሩን ለሌላ ቀን ማሳደር ብቻ ነው። የተጠራጠረ ሰው ከሴትሄደር በፊት ኢዝኮሚትድ ብሎ ይጠይቅ። «እውነት» የሚል መልስ ካገኘ ዘግይቷል።

3ኛ/ ከርል እያሳየው ገጹ ላይ ያለው ጃቫስክሪፕት ካላየውስ? ገጹ የመጣው ከሌላ አድራሻ ወይም ከሌላ ፖርት ከሆነ ብራውዘሩ ከጥቂት የተለመዱ ሄደሮች በስተቀር ሌላውን ይሸሽገዋል። ሰርቨሩ የሄደሩን ስም አክሰስ-ኮንትሮል-ኤክስፖዝ-ሄደርስ በሚለው ውስጥ ጠቅሶ ሊፈቅድ ይገባል።

ነገ ክፍል ስንገባ ሒሳብ የተሳሳተ ተማሪ እናገኛለን። ያን ጊዜም ደብተሩን በሙሉ በቀይ ከመሰረዝ በፊት የሳተው ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ እንፈልግለት።